እናቴ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ልታደርግ ነው፤ በጋዝ የተኛ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

የአጋሮ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ እንቅርት አለባት። ለዓመታት በሻሿ ሸፍናው ኖረች። አሁን ግን በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እንጀራም ሲወርድ ያንቃታል። ጅማ አምጥቼ አስመረመርኳት። ዕጢው ትልቅ ስለሆነ ይውጣ ተባለ፣ ቀጠሮም ተያዘ። እኔ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው፤ እስከዚያው እኔ ጋ ናት።

መቀደዱን ብዙም አትፈራም። የምትፈራው መተኛቱን ነው። ነርሷ "መጀመሪያ በመርፌ፣ ከዚያ በጋዝ ነው የሚያስተኙሽ" ብላት አለፈች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። የሳበችው ነገር ሳንባዋ ውስጥ ይቀራል ብላ ነው የምታስበው። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ለጥየቃ መጥተው "የእገሌ እናት እንደተኛች ቀረች" የሚል ወሬ ትተውልን ሄዱ። አላህ ይይላቸው።

የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ። ጋዙ ምን ያደርጋል? መጠኑንስ እንዴት ያውቃሉ? እንደ ወላድ ጀርባዋን ወግተው ለምን አይሠሩላትም? እና በመሀል መብራት ቢጠፋስ? ሳቁብኝ እንጂ እሱም ያሳስበኛል።

ራስጌ ተቀማጭ

ወንድሜ፣ አላህ ያሽራቸው። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፣ ጅማ ነው የምሠራው። በኦፕራሲዮን ሰዓት ሰርጅኑ ከጎን ይቆማል፣ እኔ ራስጌ ነኝ። ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት።

ከቀላሉ ልጀምር። ጀርባ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ በዋናነት ከወገብ በታች ላለ ሥራ ነው። ለወላድ፣ ለእግር ስብራት ግሩም ነው። እስከ አንገት ይድረስ ቢባል ግን የመተንፈሻ ጡንቻዎችንም ይዞ ይሄዳል። ደግሞ ዕጢው የትንፋሽ ቧንቧውን እየተጫነ ይመስላል። ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ገብቶ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ያንን ይዞ ሰዓታት ነቅቶ መጋደም አይቻልም። ስለዚህ ሙሉ ሰመመን ነው።

እናትህ የሚያዩት ይሄ ነው። ጠረጴዛው ላይ ይጋደማሉ። ጣታቸው ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይገባል፤ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው፣ ደማቸው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያነባል። ሂና የሚያደርጉ ከሆነ አንድ ሁለት ጣት ያስቀሩልን፤ በተለይ ጥቁሩ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ቲት ቲት የሚለው ድምፅ የልብ ምታቸው ነው። ኦክስጅን ሲወርድ ድምፁም አብሮ እየወፈረ ይወርዳል። ፊቴን አዙሬ መድኃኒት እየቀዳሁ እንኳን ጆሮዬ እዚያው ነው።

ከዚያ ጭምብል አፍና አፍንጫቸው ላይ ይያዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ጋዙ መጣ" ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። አደራ ንገራቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚመጣው ኦክስጅን ብቻ ነው። እንደ ልባቸው ይሳቡት። ሳንባቸው በኦክስጅን ሲሞላ እኛ ቱቦውን ለማስገባት ጊዜ እናገኛለን። ከዚያ ክንዳቸው ላይ በተተከለው መስመር ፕሮፖፎል ወይም ኬታሚን ወይም ሌላ ይገባል። ብዙም ሳይቆዩ ይሄዳሉ።

እንቅርቱ ቧንቧውን በጣም ካጠበበው ወይም ወደ ጎን ከገፋው ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። አንዳንዴ በራሳቸው እየተነፈሱ በጋዙ ብቻ ቀስ አድርገን እናስተኛለን። አንዳንዴም ጉሮሮውን በሚረጭ መድኃኒት አደንዝዘን ነቅተው ሳሉ ቱቦውን እናስገባለን። የአንገት ራጅ ተነስተው ከሆነ በዕለቱ ይዘኸው ና። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

በመርፌ የገባው ግን ዕድሜው አጭር ነው። ፕሮፖፎል አንዴ ተሰጥቶ ቢተው በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ዓይኑን መግለጥ ይጀምራል። ጋዙ የሚረከበው እዚህ ላይ ነው።

ጋዝ እንለዋለን እንጂ በጠርሙስ ሲመጣ ፈሳሽ ነው። አይሶፍሉሬን የሚባለው ቀለም የለውም፣ ሽታው ይከረፋል። በ48 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በክፍል ሙቀትም በቀላሉ ይተናል። ቫፖራይዘር የሚባል ከባድ የብረት ዕቃ ውስጥ እንሞላዋለን። እንዳይምታታ የየጋዙ ዕቃ በቀለም ይለያል፤ የሃሎቴን ቀይ፣ የአይሶፍሉሬን ሐምራዊ፣ የሴቮፍሉሬን ቢጫ። ኦክስጅኑ በውስጡ ሲያልፍ ትነቱን ይዞ ይወጣል። ምን ያህል ይያዝ የሚለውን ከላይ ያለ የሚዞር ቁልፍ ይወስናል። ቁልፉ ላይ በመቶኛ ተጽፎበታል።

መጠኑን እንዴት ታውቃላችሁ ላልከው፣ ማክ የሚባል መለኪያ አለን። ቆዳ ሲቀደድ ከሰዎች ግማሹ የማይንቀሳቀሱበት መጠን ነው። በ40 ዓመት ሰው አይሶፍሉሬን 1.15 ከመቶ ገደማ ይጠይቃል። ሃሎቴን 0.75፣ ሴቮፍሉሬን ወደ 2፣ ዴስፍሉሬን ወደ 6። ናይትረስ ኦክሳይድ፣ አሳቂ ጋዝ የሚሉት፣ 104 ነው። ከመቶ ውስጥ 104 መስጠት ስለማይቻል እሱ ብቻውን ለኦፕራሲዮን አያስተኛም፤ አጋዥ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ከ40 በኋላ በየአሥር ዓመቱ 6 ከመቶ ገደማ።

ይሄ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የማየው ሰውየውን ነው። ሰርጅኑ ሲቀድ የልብ ምት ከዘለለ፣ ግፊት ከወጣ፣ ዓይን ካነባ፣ ቁልፉ ወደ ላይ። ግፊት ከወረደ ወደ ታች። ህመም ማስታገሻና የጡንቻ ማላያም በየጎኑ ይሰጣል። ጋዙ ብቻውን ሁሉን እንዲሸከም አናደርገውም።

ሳንባ ውስጥ ይቀራል ወይ? አይቀርም። ይሄን ለእናትህ ደጋግመህ ንገርልኝ። በትንፋሽ ይገባል፣ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ቁልፉን ስዘጋ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከአይሶፍሉሬን ጉበት የሚሰባብረው 0.2 ከመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ የቀረው እንደገባ ይወጣል። የድሮው ሃሎቴን ግን ወደ 20 ከመቶው ጉበት ላይ ነበር የሚያልቀው። አልፎ አልፎ ጉበት ይጎዳ የነበረውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ስብ ውስጥ የገባ ጥቂት ጋዝ ለመውጣት ይቆያል፤ እሱ ግን ማንንም መልሶ አያስተኛም።

ተማሪዎቼ ሁሌ የሚደናገሩበትን አንድ ነገር ልጨምር። ደም ውስጥ በደንብ የሚሟሟው ጋዝ ነው ቀርፋፋው። የመስኖ ቦይ አስብ። ቦዩ ደረቅ አሸዋ ከሆነ ውሃው ማሳው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይመጠጣል፤ በሲሚንቶ ከተለሰነ ወዲያው ይደርሳል። ሃሎቴንን ደም ይመጥጠዋል፣ አንጎል ጋ ለመድረስም ለመውጣትም ይዘገያል። ሴቮፍሉሬንን ደም ብዙም አይዘውም፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ያነቃል። ሽታውም ስለማይከረፋ ልጆችን በጭምብል ለማስተኛት ይመረጣል።

ሰውነት ላይ የሚያደርገውን አልደብቅህም። የደም ሥሮችን ያላላል፣ ግፊት ይወርዳል። ትንፋሽን ያሳጥራል። በደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ሲከማች "ተንፍስ" የሚለውን የአንጎል ትእዛዝም ያደክማል። ለዚህ ነው በማሽን ወይም በእጅ የምንተነፍስላቸው። ማሕፀንንም ያላላል፤ ወላድ በጀርባ እንድትሠራ ከምንመርጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ሲነቁ ማቅለሽለሽ አለ። ሴቶች፣ መኪና የሚያዞራቸውና ሲጋራ የማያጨሱ ይብስባቸዋል። አዎ፣ የማያጨሱ። ፍትሕ የለም።

መብራት ላልከው አልስቅብህም፣ ጅማ ነው ያለነው። የአይሶፍሉሬኑ ቫፖራይዘር ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ፈሳሹ የሚተነው በራሱ ነው። ኦክስጅኑ ከሲሊንደር ይመጣል። ሞኒተሩ ባትሪ አለው። ማሽኑ ቢቆም ከረጢቱን በእጄ እየጨመቅሁ አስተነፍሳለሁ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በጨለማ የሚቸገረው ሰርጅኑ ነው። እሱም ይጮሃል እንጂ ይጠብቃል።

የሰሚር እናት

ልጄ፣ እኔም እንቅርት ተሠርቼአለሁ፣ ዓመታት አልፎታል። የት እንደሆነ አልናገርም። ሥራቸው ጥሩ ነበር፤ ጠባሳዬ ዛሬ በሐብል ይሸፈናል። የማዝንባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ምንም አልነገረኝም።

ስነቃ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። አልጋው ሁሉ አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ወባዬ የተነሳ መሰለኝ። ማውራት ብፈልግ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ድምፄ ጎርንኗል። አንዱ ሐኪም መጥቶ "ስምዎትን ይናገሩ" ይለኛል። እሱ ስሜን አያውቅም እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ለካ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ እንዳልተነካ ነው የሚያየው። ይሄን የሰማሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፣ እሱም ከአንዲት ነርስ ዘመዴ።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ያሳስበኛል። ዓይኔ ሳይገለጥ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼአለሁ። "ሻሿን አምጪ" ሲባል። ሳልተኛ ነው እንዴ የቀደዱኝ? ህመም ግን አላስታውስም። ራስጌ፣ አንተ ምን ትላለህ?

ልጄ አንተ ደግሞ ጋቢ ይዘህ ሂድ። ካልሲም።

ራስጌ ተቀማጭ

እትዬ፣ የሰሙት ሲነቁ ነው። "ሻሿን አምጪ" የሚባለው ሥራው አልቆ ሊያወጡዎት ሲያዘጋጁ ነው፤ በመሀል ሻሽ የሚፈልግ የለም። ጋዙ እየወጣ ሲሄድ መስማት ቀድሞ ይመለሳል፣ ዓይን መግለጥና መናገር ኋላ ይመጣል። ማስታወስ የሚጠፋው ደግሞ ሰው ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ ከሚያስፈልገው በጣም ባነሰ መጠን ነው። በኦፕራሲዮን መሀል የሚነቃ ሰው የለም አልልም። በብሪታንያና በአየርላንድ የተሠራ ትልቅ ቆጠራ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ራሳቸው የተናገሩት ሰዎች ከ19,000 ሰመመን ወደ አንድ ነበሩ።

ብርዱ የጋዙ ሥራ ነው። በደህናው ጊዜ ሲበርደን የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። ጋዙ ደም ሥሮቹን ሲያላላ የመሀል ሙቀት ወደ እጅና እግር ይፈስሳል። የአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያም ስለሚደክም ሰውነት ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። ጋዙ ሲወጣ መቆጣጠሪያው ይነቃል፣ "ቀዝቅዘናል!" ይልና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አስፈሪ ይመስላል፣ ብዙውን ጊዜ ሙቀት ሲያገኝ ያልፋል። ጋቢው ጥሩ ምክር ነው፤ እኔ ብዙ ሰው ሳይዝ መጥቶ አይቻለሁ። የጉሮሮው ድርቀት የቱቦው ነው፣ በቀናት ይለቃል።

ስላልተነገረዎት ግን ልክ ነዎት። ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቲቸር ጂረን

ሃይ ስኩል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ሌላ ግንኙነት የለኝም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ኤተር፣ ክሎሮፎርም፣ ሃሎቴን፣ ናይትረስ ኦክሳይድ። ቅርጻቸው አይገናኝም። ዜኖንም ያስተኛል ሲባል አንብቤአለሁ፤ እሱ ጭራሽ ከማንም ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ኖብል ጋዝ ነው። እንዴት ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ?

ሁለተኛ፣ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከአምስት አራቱ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የ1.15 ከመቶው ስሌት እዚህም ይሠራል?

ራስጌ ተቀማጭ

ቲቸር፣ ሁለተኛው ጥያቄ ፈተና ላይ የሚወጣ ነው፣ ከእሱ ልጀምር። አንጎል የሚቆጥረው መቶኛ አይደለም፣ የጋዙን የራሱን ግፊት ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ 1.15 ከመቶ የሚል አየር ጂቡቲ ካለው 1.15 ከመቶ ይደክማል። ነገር ግን አይሶፍሉሬን ቫፖራይዘሩ ውስጥ የሚያወጣው የትነት ግፊት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም። የውጪው ግፊት ሲቀንስ ዕቃው በመቶኛ ሲታይ ከተጻፈው በለጥ ያለ ይሰጣል፣ በግፊት ሲታይ ግን ያው ይሆናል። ተካካሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን አዲስ አበባም ጅማም ያው አድርጌ ነው የማዞረው። የዴስፍሉሬን ግን ሌላ ነው። እሱ በ23 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ዕቃው በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ከፍታ ላይ ባለሙያው ራሱ መጨመር አለበት። ናይትረስ ኦክሳይድም ደጋ ሲወጣ ይደክማል።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። ኤተር በቦስተን በሕዝብ ፊት የታየው በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዛሬ የተሟላ መልስ አልተገኘለትም። በ1899 ሜየር፣ በ1901 ኦቨርተን (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የሚባሉ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። በወይራ ዘይት ውስጥ በደንብ የሚሟሟው ሁሉ ኃይለኛ ማደንዘዣ ነው። ዘይት ማለት ስብ ነው፣ የነርቭ ሴል ሽፋንም ስብ ነው። ስለዚህ ጋዙ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል ተብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ታመነ። እርስዎ ያሉት የቅርጽ ጥያቄም በዚህ የተመለሰ መሰለ።

በ1984 እ.ኤ.አ. ፍራንክስና ሊብ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ግን ስብ የሌለበት ፕሮቲን ወሰዱ። ሌሊት የምታበራው ጥንዚዛ ብርሃን የምታወጣበት ኢንዛይም ነው። ማደንዘዣዎቹ ይሄን ኢንዛይምም አፈኑት። የአፈና ኃይላቸውም እንስሳ ከሚያስተኙበት መጠን ጋር ገጠመ። እንግዲህ ፕሮቲን ውስጥ ዘይት መሳይ ጉድጓዶች አሉ፣ ጋዙ እዚያ ይሸጎጣል ማለት ነው። ለመሸጎጥ ደግሞ መዋሐድ አያስፈልግም። ዜኖንም ይችላል።

ዛሬ ብዙ የሚጠቀሰው ፕሮቲን ጋባ የሚባለው መልእክት ተቀባይ ነው። ሲከፈት ክሎራይድ ወደ ነርቭ ሴሉ ይገባና ሴሉን ዝም ያሰኘዋል። አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ይሄ በር ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲሆን ያደርጋሉ። ፖታሲየም የሚወጣባቸውን በሮችም ይከፍታሉ፤ እሱም ሴሉን ያረጋጋል። ናይትረስ ኦክሳይድና ዜኖን በሌላ በኩል ናቸው። ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ቀስቃሽ ተቀባይ ይዘጋሉ፤ ኬታሚንም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ "ሁሉም አንድ ሥራ" የሚለው ራሱ ከሩቅ ሲታይ ነው።

አንድ የምወደው ሙከራ ልንገርዎት። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የፍየልን የደም ዝውውር ለያይተው አይሶፍሉሬኑ በአብዛኛው አንጎል ብቻ እንዲደርሰው አደረጉ። ፍየሏ እንዳትንቀሳቀስ የሚያስፈልገው መጠን ከእጥፍ በላይ ወጣ። ከ1.2 ወደ 2.9 ከመቶ። ለካ ሲቀደዱ አለመንቀሳቀስ በአብዛኛው የአከርካሪ ገመድ ሥራ ነው። መርሳትና ራስን አለማወቅ የአንጎል፣ አለመንፈራገጥ የአከርካሪ። ማክ ብለን የምንለካው ሁለተኛውን ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ "አልተንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ ተኝቷል" የሚል ሰው አላምንም።

የአጋሮ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የፍየሏን ለእናቴ አልነገርኳትም። ሳንባዋ ውስጥ እንደማይቀር ግን ነገርኳት፤ "እንግዲህ እሱ ያለው ይሁን" ብላ ትንሽ ቀለላት።

አንድ ነገር በጎን ልጠይቅ። እናቴ ትቅማለች። ዱአ ስታደርግ፣ ከሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር። ሐኪሙ "ሱስ አለብዎት?" ሲላት "የለብኝም" አለች። ለእሷ ሱስ ማለት ሲጋራና መጠጥ ነው። ሌላው፣ ጠዋት ቅቤ የገባበት ቡና ሳትጠጣ አትውልም። ይሄ ችግር አለው?

ራስጌ ተቀማጭ

ጥሩ አደረግህ ያነሳኸው። ለዚህ ነው እኔ "ሱስ አለ ወይ" ብዬ የማልጠይቀው። "ለመጨረሻ ጊዜ የቃሙት መቼ ነው?" ነው የምለው። ጅማ ላይ ሌላ አጠያየቅ አይሠራም። ያን ጊዜ ሁሉም ይናገራል፣ አንዳንዱ የጫቱን ዓይነት ሳይቀር።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሰውነት ያከማቸውን አነቃቂ ቅመም ያስለቅቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል። በዚያ ላይ ጋዝ ስንሰጥ ግፊቱ መጀመሪያ ይዘላል፣ ቀጥሎ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ሃሎቴን ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ልብን ለአድሬናሊን ያስቆጣዋል፣ ምቱ ይዘበራረቃል። ሰርጅኑ ደም እንዳይበዛ ብሎ አንገቱ ላይ አድሬናሊን የሚወጋም ከሆነ ሦስት ነገር ተደራረበ ማለት ነው። የእንቅርቱ ሆርሞን ከፍ ብሎ ከሆነ አራት። ለዚህ ነው የሆርሞን ምርመራው ልክ ሳይሆን የማንሠራው። የሚወስዱት የእንቅርት ወይም የልብ ክኒን ካለ ራስህ እንዳታቋርጥባቸው፣ ጠይቅ።

ስለዚህ በርጫውን ከአሁኑ ይተዉት። ጫት ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆንም ያዘገያል። ድንገት ሳይቅሙ ሲቀሩ ደግሞ ሊጫጫናቸው ይችላል። ሳያቋርጡ ከመጡም ይናገሩ። የሚቆጣ አይኖርም። ቢኖርም ይቆጣ።

ቡናውን በተመለከተ፣ ወተትም ቅቤም የሌለው ቡና ከውሃ እኩል ይቆጠራል፤ ማደንዘዣው ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው የሚፈቅዱ አሉ። ቅቤ ከገባበት ግን ምግብ ነው። እንደ እንጀራው ከማደንዘዣው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ማብቃት አለበት፣ ቅባት ሲሆን ከዚያም በላይ። ጋዙ የጉሮሮን መከላከያ ሁሉ ያስተኛዋል። ከጨጓራ የወጣ ነገር ሳንባ ከገባ ያኔ ነው እውነተኛው ችግር። የቀጠሮው ሆስፒታል የሚሰጥህን ሰዓት ያዝ፣ በእኔ አትሂድ።

ያ የጎረቤት ወሬ ደግሞ። "እንደተኛች ቀረች" ሲባል ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ወሬ ስለሆነ አልገባበትም። ግን ከዘመዶቻችሁ መሀል በማደንዘዣ ላይ የሞተ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ ካለ ያንን ንገሩ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ውስጥ እግሩ የተሰበረ አንድ ተማሪ ከስብራቱ ይልቅ ማደንዘዣውን ፈርቶ ነበር። አሥር ዘመዶቹ በኤተር ሞተውበታል። ሐኪሞቹ ሰሙት፣ በሃሎቴን አስተኙት፤ ያም ሆኖ ሙቀቱ ሲወጣ ወዲያው አቋርጠው አቀዘቀዙት፣ ተረፈ። በዘር የሚወርድ የጡንቻ ችግር መኖሩ ከዚያ ታወቀ። እንዲህ ያለ ሰው ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ያለ ልክ ይለቀቃል። እነዚህ ጋዞች ከናይትረስ ኦክሳይድና ከዜኖን በቀር ሁሉም ይቀሰቅሱበታል። እምብዛም አይገኝም። ከተነገረን ግን ጋዙን ትተን በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ብቻ እናስተኛለን።

የአጋሮ ልጅ

በዘመድ የለም፣ ጠይቄ አረጋገጥኩ። ጫቱን ዛሬ አቁሚ አልኳት። "ጋዙን ትተው እኔን ነው የሚጠይቁኝ" እያለች ነው። አንድ የሚወዛወዝ የፊት ጥርስ አላት፣ እሱንም ልናገር?

ራስጌ ተቀማጭ

እሱን በመጀመሪያ! ቱቦ ስናስገባ ጉሮሮውን የምናይበት ብረት የሚያልፈው በጥርሶቹ አጠገብ ነው። ጥርሱ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሌላ ሥራ ይመጣል። የትኛው እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩ። በጣም የላላ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት የጥርስ ሐኪም ያንሳላቸው።